ጊፋታ የሌለው ዕዳ

ሀገር ዕዳዋን መክፈል ሲያቅታት ድርድር ይከፈትላታል። የመንግሥት ድርጅት መክፈል ሲያቅተው አዋጅ ይወጣለታል። የሶዶ መምህር መክፈል ሲያቅተው ግን የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል፤ ቀጥሎ ቤቱ ለሐራጅ ይወጣል፤ ከሐራጁ በኋላ ደግሞ ወደየትኛውም ባንክ ቢሄድ ስሙ ቀድሞት ይደርሳል።

አባባሉ የተጋነነ የሚመስለው ሰው ቀኖቹንና ቁጥሮቹን ይመልከት።

በታህሳስ 2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የ1 ቢሊዮን ዶላር ዩሮቦንዷን ወለድ፣ 33 ሚሊዮን ዶላር፣ ሳትከፍል ቀረች። የእፎይታ ቀናቱም አለፉ። መንግሥት ምክንያቱን ተናገረ፦ ሁሉንም አበዳሪዎች በእኩል ዓይን ለማየት ነው አለ። ምክንያቱ ተሰማ። አበዳሪዎች በቡድን 20 የጋራ ማዕቀፍ ሥር ለድርድር ተቀመጡ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ለአራት ዓመት የሚለቀቅ የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር አጸደቀ። ዕዳዋን በቀኑ ያልከፈለች ሀገር በሰባት ወር ውስጥ አዲስ ብድር አገኘች ማለት ነው።

የመንግሥት ድርጅቶችም ታሪክ ይኸው ነው። ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የተበደሩ ትልልቅ የልማት ድርጅቶች መክፈል ሲያቅታቸው በ2013 ዓ.ም. የዕዳና ሀብት አስተዳደር ኮርፖሬሽን ተቋቋመ፤ ዕዳቸውም ወደ እሱ ተዛወረ። ያም አልበቃ ሲል በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 845.3 ቢሊዮን ብር የሚሆነው ዕዳ በመንግሥት ቦንድ እንዲተካ፣ ባንኩም 54.7 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ ካፒታል እንዲያገኝ አጸደቀ። በድምሩ 900 ቢሊዮን ብር። ስኳር ፋብሪካ በሐራጅ አልተሸጠም። የባቡር ሐዲድ በጋዜጣ መነሻ ዋጋ አልወጣለትም።

ይህ መደረጉ ስህተት ነው የሚል የለም። ባንኩ ቢናጋ የሚናጋው የሁሉም ቁጠባ ነው። ጥያቄው ሌላ ነው። ለትልቁ ባለዕዳ «ለምን አቃተህ? እንዴት ትመለሳለህ?» ተብሎ ከተጠየቀ፣ ትንሹ ባለዕዳ ስለምን አይጠየቅም?

*90 ቀን ማለት ሦስት ደመወዝ ነው*

ሀገሪቱ ወለዷን ሳትከፍል በቀረችበት በዚያው በ2016 ዓ.ም.፣ በወላይታ ዞን መምህራንና የጤና ባለሙያዎች ለወራት ደመወዝ ሳይከፈላቸው መቆየታቸው በመገናኛ ብዙኃን በተደጋጋሚ ተዘግቧል። ሶዶ የአዲሱ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ከተባለች ገና አንድ ዓመት አልሞላትም ነበር።

በብሔራዊ ባንክ የብድር አመዳደብ ደንብ መሠረት ክፍያው 90 ቀን ያለፈበት ብድር ከጤናማዎቹ ተራ ወጥቶ የተበላሸ ብድር ይሆናል። 90 ቀን ማለት ሦስት ደመወዝ ነው። ሦስት ወር ደመወዝ ያልተከፈለው ሰው፣ ከደመወዙ ሌላ ገቢ ከሌለው፣ ብድሩ የሚበላሸው በስንፍናው አይደለም፤ በስሌት ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ይታሰብ። በቤት ሥራ ማኅበር ባገኘው ቦታ ላይ ቤት ጀመረ፤ ማጠናቀቂያውን ከባንክ ተበደረ። ለአራት ዓመት ወር በገባ ቁጥር አንድም ቀን ሳያዛንፍ ከፈለ። በአምስተኛው ዓመት ደመወዙ ሦስት ወር ቀረ። የሱቁ ዱቤ፣ የልጆቹ ትምህርት፣ የእናቱ መድኃኒትና የባንኩ ክፍያ በአንድ ላይ መጡበት። በአራተኛው ወር ደመወዙ ቢመጣም ውዝፉ፣ ወለዱና ቅጣቱ ተደራርበው ጠበቁት።

እዚህ ላይ ያልከፈለው መንግሥት ነው። በመጥፎ ተበዳሪነት የተመዘገበው ግን መምህሩ ነው።

ባንኩ ደብዳቤውን ከመጻፉ በፊት «ደመወዝህ ተከፍሎሃል ወይ?» ብሎ እንዲጠይቅ የሚያስገድደው የለም። የዞኑ ፋይናንስ መምሪያም «የዚህን ሰው ደመወዝ ያዘገየሁት እኔ ነኝ» የሚል ደብዳቤ ለባንኩ እንዲጽፍ አይገደድም። ሁለቱ ቢሮዎች በአንድ ከተማ ሆነው፣ የአንዱ ጉድለት በሌላው መዝገብ ላይ የመምህሩ ጥፋት ሆኖ ይጻፋል።

*ሕጉ ምን ይላል?*

በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አበዳሪው የሕጉን ሥርዓት ሳይከተል መያዣውን ራሱ እንዲሸጥ የሚፈቅድ ስምምነት ዋጋ አልነበረውም። ሕግ አውጪው ሰው በችግር ጊዜ ምን እንደሚፈርም ያውቅ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ግን በባንክ በመያዣ የተያዘ ንብረት አዋጅ ቁጥር 97/1990 ወጣና ለባንኮች የተለየ በር ከፈተ። ባንኩ ከተበዳሪው ጋር አስቀድሞ ከተዋዋለ፣ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሐራጅ መሸጥና ስሙን ለገዢው ማዛወር ይችላል። አስቀድሞ የማይዋዋል ተበዳሪ ደግሞ ብድሩን አያገኝም።

ባንኩ የአዋጁን ሥርዓት ጥሶ ጉዳት ካደረሰ በካሳ ይጠየቃል። ካሳ ግን ቤቱ ከሄደ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። ባንኩ ሥርዓቱን ጠብቆ ከሸጠ ደግሞ የሚጠየቅበት ምክንያት የለም። «ደመወዝ ስላልተከፈለኝ ነው» የሚለው መልስ እውነት ቢሆንም ሐራጁን አያስቆምም።

ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ጋዜጣ የሚያነብ ሁሉ ያውቀዋል። የሐራጅ ማስታወቂያ ይወጣል፦ የተበዳሪው ስም፣ የአስያዡ ስም፣ ቤቱ የሚገኝበት ከተማና ቀበሌ፣ የካርታው ቁጥር፣ የቦታው ስፋት በካሬ ሜትር፣ የሐራጁ መነሻ ዋጋ። ተጫራቾች የመነሻውን አንድ አራተኛ በሲፒኦ አስይዘው ይቀርባሉ። ሶዶን በመሰለ፣ ሰው በአባቱ ስም በሚታወቅበት ከተማ፣ ይህ ማስታወቂያ የንግድ ማስታወቂያ ብቻ አይደለም። ልጅ ትምህርት ቤት ሄዶ የሚሰማው ወሬ ነው። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፣ ቤቱ እንደሚሸጥ የታወቀ ሰው ዱቤ የሰጠው ሁሉ በአንድ ሳምንት ይመጣበታል።

አስያዥ የሚለው ቃል ራሱ ሊታሰብበት ይገባል። በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት በሊዝ የተገኘ ባዶ ቦታ ለመያዣ የሚያገለግለው እስከ ተከፈለው የሊዝ መጠን ብቻ ነው። ስለዚህ ወጣቱ ብድር ሲፈልግ ዓይኑ የሚያርፈው በአባትና በእናቱ ነባር ቤት ላይ ነው። ልጁ ሲወድቅ ከቤት የሚወጡት ሽማግሌዎቹ ይሆናሉ።

ቤቱ የተሸጠበት ዋጋ ዕዳውን ካልሸፈነ ነገሩ በዚያ አይዘጋም። ቀሪው ዕዳ በተበዳሪው ጫንቃ ላይ ይቆያል። ቤት የለም፤ ዕዳ አለ፤ አዲስ ብድር ደግሞ የለም።

*ነጋዴ ይከስራል፤ መምህር አይከስርም*

«ታዲያ ኪሳራ አያውጅም ወይ?» የሚል ይኖራል። አያውጅም። የኢትዮጵያ የኪሳራ ሕግ ከ1952ቱ የንግድ ሕግ ጀምሮ የተጻፈው ለነጋዴ ነው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ኪሳራን ሙሉ መጽሐፍ ሰጥቶታል፤ ከመክሰስም በፊት ነጋዴው ከአበዳሪዎቹ ጋር ተስማምቶ ሥራውን መልሶ የሚያደራጅበትን ሥርዓት አምጥቷል። ጥሩ ሕግ ነው። ነገር ግን ነጋዴ ያልሆነ ሰው፣ ማለትም መምህሩ፣ ነርሷ፣ የወረዳው የግብርና ባለሙያ፣ በዚህ በር አይገቡም። ለእነሱ «አቅቶኛል፤ ያለኝ ይኸው፤ በዚህ ይብቃና ከዜሮ ልጀምር» የሚባልበት የፍርድ ቤት ሥርዓት አልተዘረጋም።

ስለዚህ በወላይታ የከሰረ የጨርቅ ነጋዴ በወረቀት ላይም ቢሆን መነሻ አለው። ልጆቹን የሚያስተምረው መምህር ግን የለውም።

*ከሐራጁ በኋላ*

ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ቤት በሐራጅ መሸጡ በራሱ የዓለም መጨረሻ አይደለም፤ በየትኛውም ሀገር ይደረጋል። የእኛን የሚያከፋው ከሐራጁ በኋላ ያለው ባዶ ሜዳ ነው።

ማንኛውም ባንክ ከማበደሩ በፊት በብሔራዊ ባንክ በኩል የተበዳሪውን የብድር ታሪክ ያያል። ይህ ተገቢ ነው። ቤቱ የተሸጠበት ሰው ግን ከስንት ዓመት በኋላ፣ ምን አሟልቶ፣ እንደገና የቤት ብድር መጠየቅ እንደሚችል በይፋ የተነገረው ቁርጥ ያለ ዓመት የለም። እያንዳንዱ ባንክ የራሱ ፖሊሲ አለው፤ ፖሊሲው የሚገለጸው ደግሞ «አይሆንም» በሚል አጭር ቃል ነው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ ጣለ፤ በኋላ ገደቡ ወደ 18 በመቶ ከፍ አለ። የሚበደር ገንዘብ ሲጠብ ከወረፋው መጀመሪያ የሚወጣው ስሙ ምልክት ያለበት ሰው ነው።

ይህ ሰው የት ይሄዳል? ወደ አራጣ። አራጣ ማበደር በወንጀል ሕጋችን የሚያስቀጣ ድርጊት መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ የአራጣ አበዳሪው ቤት የት እንደሆነም ሁሉም ያውቃል። ከባንክ የተባረረ ተበዳሪ ከኢኮኖሚው አይጠፋም፤ ደረሰኝ ወደሌለበት ኢኮኖሚ ይገባል እንጂ።

*ሌሎች እንዴት አደረጉት?*

አሜሪካ ለባለዕዳ የምትራራ ሀገር ናት የሚል የለም። ከ2008ቱ (እ.ኤ.አ.) ቀውስ በኋላ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ቤታቸውን በባንክ ተነጥቀዋል። ነገር ግን እዚያ ለወደቀው ሰው ዓመት ተቆርጦለታል። በፌዴራሉ የቤቶች አስተዳደር ዋስትና የሚሰጠውን የቤት ብድር ለመጠየቅ ቤቱ በባንክ ከተወሰደ በኋላ በመደበኛው 3 ዓመት ይጠበቃል፤ በምዕራፍ 7 ኪሳራ ዕዳው ከተሰረዘለት ደግሞ 2 ዓመት። የቤት ብድሮችን ከባንኮች የሚገዛው ፋኒ ሜ 7 ዓመት ይጠይቃል፤ ውድቀቱ ከተበዳሪው ቁጥጥር ውጪ በሆነ ምክንያት መምጣቱ በማስረጃ ከተረጋገጠ ግን ወደ 3 ዓመት ዝቅ ይላል። ልብ ይባል፦ እዚያ «ለምን ወደቅህ?» የሚለው ጥያቄ 4 ዓመት ያህል ዋጋ አለው። እኛ ዘንድ አንድ ቀን እንኳ አያወጣም።

አሜሪካ ሩቅ ናት ከተባለ ኬንያ ጎረቤት ናት። በኬንያ የ2012 (እ.ኤ.አ.) የመሬት ሕግ መሠረት አበዳሪው መጀመሪያ የ90 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ ካልተከፈለ ደግሞ ከመሸጡ በፊት ሌላ የ40 ቀን ማስታወቂያ ይጨምራል። የሚሸጠውን ንብረት ማስገመትና ተገቢ ዋጋ ለማግኘት መጣር ግዴታው ነው። ተበዳሪው ፍርድ ቤት ሄዶ እፎይታ መጠየቅ ይችላል። በግለሰብ ደረጃ ኪሳራ የታወጀበት ሰው በመደበኛው ከ3 ዓመት በኋላ ነጻ ይወጣል። የናይሮቢ ባንኮች በዚህ ሕግ ምክንያት አልተዘጉም።

*የባንኮቹ ክርክር*

ለባንኮቹም ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። የሚያበድሩት የራሳቸውን ገንዘብ አይደለም፤ የአስቀማጩን ነው። በሶዶ መርካቶ ቅቤ ሸጣ የምታስቀምጠው እናት ገንዘቧን በጠየቀች ቀን ማግኘት አለባት። አዋጅ 97/1990 የወጣውም በከንቱ አይደለም፤ የመያዣ ክርክር በፍርድ ቤት ዓመታት ይፈጅ ነበር፤ ብድሩን ላለመክፈል ብቻ ሙግት የሚጎትት ተበዳሪም ነበረ፣ አለም። ምሕረት በዛ ማለት ደግሞ በቀኑ የሚከፍለው ሰው ሞኝ ሆነ ማለት ይሆናል።

ክርክሩ ከባድ ነው፤ ግን ለተጠየቀው ጥያቄ መልስ አይሆንም። ማንም ዕዳ ይሰረዝ አላለም። የተጠየቀው ሆን ብሎ ያልከፈለውና ደመወዙ ተይዞበት ያልከፈለው እንዲለዩ ነው። የሚከፍለውን ከማይከፍለው የማይለይ አሠራር ለአስቀማጯም አይጠቅማትም። አራት ዓመት በትክክል የከፈለ መምህር ደመወዙ ሲመለስ እንደገና የሚከፍል ደንበኛ ነው። ቤቱን በችኮላ ሸጦ ቀሪ ዕዳውን በመዝገብ ላይ ተሸክሞ መኖር ለባንኩስ ምን ትርፍ አለው?

በ2017 ዓ.ም. የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 1360/2017 ለውጭ ባንኮች በር ከፍቷል። የውጭ ባንክ ከመግባቱ በፊት የሀገር ውስጡ ተበዳሪ መብቱ በጽሑፍ መቀመጥ አለበት። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ደግሞ አርሶ አደሩ የመሬት የመጠቀም መብቱን ለብድር መያዣ እንዲያደርግ ፈቅዷል። ይህ ለወላይታ ትልቅ ነገር ነው። ከሀገሪቱ እጅግ ጥቅጥቅ ብሎ ሕዝብ ከሰፈረባቸው አካባቢዎች አንዱ በሆነው በዚህ ዞን፣ የአንድ ቤተሰብ መሬት ብዙ ጊዜ እንሰቱን፣ ቡናውንና በቆሎውን በአንድ ጓሮ ያጨናነቀ ቁራጭ ነው። ዛሬ የከተማው መምህር ላይ የሚደርሰው መመለሻ የሌለው ውድቀት ነገ የዳሞት ጋሌና የሁምቦ ገበሬ ደጅ እንዳይደርስ መንገዱ አሁን መሠራት አለበት።

*ምን ይደረግ?*

አንደኛ፦ ደመወዙ በመንግሥት ምክንያት ለዘገየ ሠራተኛ የ90 ቀኑ ቆጠራ ይቁም። የዞኑ ወይም የወረዳው ፋይናንስ ቢሮ የደመወዙን መዘግየት በደብዳቤ ለባንኩ የማረጋገጥ ግዴታ ይኑርበት። ብድሩ ሲራዘምም በሠራተኛው ስም ላይ መጥፎ ምልክት አይሁን።

ሁለተኛ፦ 30 ቀኑ መኖሪያ ቤትን በሚመለከት ይርዘም። ከሐራጁ በፊት ተበዳሪው ምክንያቱን አንድ ጊዜ የሚያስረዳበት፣ ቢበዛ በ60 ቀን ውስጥ ውሳኔ የሚሰጥ ገለልተኛ አካል ይኑር። ሙግት የሚጎትተውን ቀነ ገደቡ ያቆመዋል፤ እውነተኛ ምክንያት ያለው ደግሞ ይሰማል።

ሦስተኛ፦ የመኖሪያ ቤት መነሻ ዋጋ በሻጩ ባንክ ግምት ብቻ አይወሰን። ገለልተኛ ገማች ይግባበት፤ ከሽያጭ በኋላ የሚቀረው ዕዳም መጨረሻ ይኑረው።

አራተኛ፦ ነጋዴ ላልሆነ ሰው የኪሳራ ሥርዓት ይውጣ።

አምስተኛ፦ የመመለሻ ዓመት ይቆረጥ። ሦስት ዓመት ይሁን አምስት፣ ብሔራዊ ባንክ ቁጥሩን በይፋ ይናገር። ያለጥፋቱ የወደቀው ደግሞ ያነሰ ጊዜ ይጠብቅ። ሰው የሚጠብቀው ቀን ካለው ይቆጥባል፣ ቀሪ ዕዳውን ይከፍላል፣ ስሙን ያጸዳል። ቀን የሌለው ሰው ተስፋ ይቆርጣል፤ ተስፋ የቆረጠ ባለዕዳ ደግሞ ለማንም አይከፍልም።

የመጀመሪያውን ለመጀመር የክልሉ መንግሥት አዲስ አበባን መጠበቅ አያስፈልገውም። ደብዳቤ መጻፍ አዋጅ አይጠይቅም። ደመወዝ በቀኑ መክፈል ደግሞ ከሁሉም ይቀድማል። የቀሩት አራቱ የፌዴራል ጉዳዮች ናቸው፤ ለ900 ቢሊዮኑ ብር እጁን ያወጣ ምክር ቤት ስለ አንድ ክፍል ቤትም የሚወያይበት ቀን አያጣም። የወላይታ ተመራጮችም እዚያው ምክር ቤት ውስጥ ተቀምጠዋል።

ወላይታ ወደ ጊፋታ ሲቃረብ የተጣላ ይታረቃል። ቂም ተይዞ አዲስ ዓመት አይገባም። ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ሁለቱም ይሰማሉ፣ ያጠፋው ጥፋቱን ያምናል፣ የሚከፈለው ይከፈላል፣ ከዚያ ነገሩ ያበቃል። በቤተ ክርስቲያን ስለ ሰባተኛው ዓመት የዕዳ ምሕረትና ስለ ኢዮቤልዩ እየሰማ ላደገ ሕዝብም ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። ዕርቅ ጥፋትን አይክድም፤ ለጥፋት ማብቂያ ያበጅለታል እንጂ።

የባንክ ሕጋችን የጎደለው ይህ ነው። ማስጠንቀቂያ አለው፣ ሐራጅ አለው፣ መዝገብ አለው፤ ጊፋታ ግን የለውም። ሀገር በሰባት ወር የተመለሰችበትን መንገድ፣ ለመምህሩ በሰባት ዓመት እንኳ የሚከፍትለት ሕግ ይጻፍ።